እንደገና የተቀባ መኪና ላይ ያለ እድፍና ጭረት፦ ከመፈተግህ በፊት

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው መኪናውን ሙሉ ቀለም ካስቀባ ስምንት ወሩ ነው። ቀለሙ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ኮፈኑ ላይ የወፍ ኩስ ጠባሳ ጥሏል። ጣሪያው ላይ ነጫጭ የውሃ ነጠብጣብ ደርቆ ቀርቷል። የግራው የፊት በር ላይ ደግሞ አንድ ስንዝር የሚሆን ጭረት አለ። በጥርስ ሳሙና ሞከረ፣ አልለቀቀም። ከዚያ ጨርቅ ቲነር ውስጥ ነክሮ ኮፈኑን አሸው። ጨርቁ ሰማያዊ ሆነ። ያሸው ቦታም ፈዘዘ። «ጋሼ፣ እንደገና ላስቀባው ወይስ በእጄ የማደርገው ነገር አለ?» ይላል።

ወንድሜ፣ ለማስቀባት አትቸኩል። ቲነሩን ግን ዛሬውኑ ከአጠገብህ አርቀው። ያን ሰማያዊ የሆነ ጨርቅ ደግሞ እንዳትጥለው። ከጻፍክልኝ ነገር ሁሉ ብዙ የነገረኝ እሱ ነው።

ለምን እንደሆነ ላስረዳህ። ፋብሪካ ውስጥ መኪና የሚቀባው ላሜራው ባዶውን እያለ ነው። ፕላስቲክ የለም፣ ጎማ የለም፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ የለም። ስለዚህ የላይኛውን ቀለም 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሆነ ሙቀት ይጋግሩታል። ተገጣጥሞ ያለቀ መኪና ግን ያን ሙቀት አይችለውም። ጋራዥ ውስጥ ያለ ማድረቂያ ክፍል 60 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚሞቀው። ማድረቂያ ክፍል የሌለው ጋራዥ ደግሞ ቀለሙን በአየር ያደርቃል። እንግዲህ ሙቀቱ ያልሠራውን ሥራ የሚሠራው ሃርድነር የሚባለው ማጠንከሪያ ነው። ቀቢው ሃርድነሩን በልኩ ከደባለቀ ቀለሙ በኬሚካል ይያያዛል፣ ይጠነክራል። ከዚያ በኋላ ቲነር በነካ ጨርቅ ቀለል አድርገህ ብትጠርገው ቀለም አይሰጥህም።

ያንተ ሰጠ። ይህ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው፣ የተቀባው ናይትሮ የሚባለው፣ ሃርድነር የማይገባበት ቀለም ነው። ናይትሮ የሚደርቀው ቲነሩ ስለሚተን ብቻ ነው። ከዓመታት በኋላም ቲነር ሲያገኝ ተመልሶ ይሟሟል። ሁለተኛው፣ ሃርድነር የሚፈልግ ቀለም ነበር፣ ግን ሃርድነሩ አንሷል ወይም በደንብ ሳይያያዝ ቀርቷል። የትኛውም ይሁን የትኛው፣ ቀለምህ ለስላሳ ነው። ለጠንካራ ቀለም የተጻፈ ምክር ሁሉ ላንተ አይሠራም።

አንድ ተጨማሪ ፈተና አድርግልኝ። ቲነር ሳይሆን ፖሊሽ ነው የምትጠቀመው። ከበሩ ታችኛው ጠርዝ አካባቢ፣ ሰው የማያየው ቦታ ምረጥ። ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ፖሊሽ አድርግና አሥር ጊዜ ያህል ወዲያ ወዲህ አሸው። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ከቀረ ከቀለሙ በላይ ክሊር አለ ማለት ነው። ክሊር የምንለው መጨረሻ ላይ የሚረጨውን ቀለም አልባ ቨርኒሽ ነው። ጨርቁ ሰማያዊ ከሆነ ክሊር የለም። የምትወለውለው ራሱን ቀለሙን ነው። ክሊር የሌለው ቀለም ሲወለወል ትንሽ ቀለም መስጠቱ ጤነኛ ነገር ነው፣ አያስደንግጥህ። ግን በእያንዳንዱ ማሸት ከቀለምህ ላይ እየቀነስክ እንደሆነ እወቅ።

ስለ ውፍረት ትንሽ ልበል፤ ሰዎች እዚህ ላይ ነው የሚሳሳቱት። የፋብሪካ ቀለም ከላሜራው እስከ ላይኛው ገጽ ድረስ በአብዛኛው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። ከዚህ ውስጥ ክሊሩ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ ከአንድ የራስ ፀጉር ይቀጥናል። እንደገና የተቀባ መኪና ሲለካ 200፣ 300 ሊያሳይ ይችላል። ስቱኮ፣ ማለትም የተጎዳ ላሜራ የሚሞላበት ሊጥ፣ ያለበት ቦታ ላይ ከ1000 በላይም ይሄዳል። ሰው ይህን አይቶ «ወፍራም ነው፣ ልፈትገው» ይላል። ያ ሁሉ ውፍረት ግን አሮጌው ቀለም ነው፣ ከቀለም ስር የሚቀባው ዝገት መከላከያ አንቲሩጂን ነው፣ ስቱኮ ነው። ላይ ላዩን ያለው የምትሠራበት ንጣፍ ምን ያህል እንደሆነ መለኪያው አይነግርህም። ቀቢው አንዱ ጋ እጁን ከብዶት፣ ሌላው ጋ አቅልሎት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እንደገና የተቀባ መኪና ላይ ሁልጊዜ ቀጭን ነው ብለህ ተነሳ።

አሁን ወደ እድፉ። እድፍ ስታይ የምትጠይቀው «በምን ይለቃል?» ብለህ አይደለም። «የት ነው ያለው?» ብለህ ነው። ከቀለሙ በላይ ነው? ቀለሙ ውስጥ ገብቷል? ወይስ ከስር ነው የመጣው? ሦስቱ መድኃኒታቸው ለየቅል ነው።

መኪናውን በመኪና ሻምፑ እጠበውና ጥላ ውስጥ አድርቀው። ከዚያ እጅህን ስስ ፌስታል ውስጥ አስገብተህ ጣቶችህን በቀስታ ገጹ ላይ አንሸራት። ባዶ እጅ የማይሰማውን ነገር ፌስታሉ ያሰማሃል። አሸዋ የነካህ ያህል ከቆረቆረህ ቆሻሻው ከቀለሙ በላይ ተጣብቋል። ቀጥሎ መሸት ሲል የስልክህን መብራት አብርተህ ከጎን አስጠጋው፣ ፊት ለፊት አይደለም። ብርሃኑ ተጋድሞ ሲያልፍ ጠርዝ ያለው ጎድጓዳ ነገር ካየህ እድፉ ቀለሙን በልቶታል። እጅህ ምንም ሳይሰማው፣ ገጹም እኩል ሆኖ ሳለ ከለሩ ብቻ የተለወጠ ከሆነ ደግሞ ከስር የመጣ ነው።

ከላይ ያለው ቀላሉ ነው። ሬንጅ ከሆነ በጥቂት ነጭ ጋዝ የራሰ ጨርቅ አንድ ደቂቃ ያህል ጫን አድርገህ ያዝበትና ጥረገው። ሳትፈትግ ይለቃል። ወዲያው በሻምፑ እጠበው፣ ቅባቱ እንዳይቀር። የዛፍ ሙጫ ከሆነ መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃ አለስልሰው። ጠንካራ ቀለም ላይ አልኮል እንጠቀም ነበር፤ ያንተ ለስላሳ ስለሆነ አልኮሉን ተወው። ሌላ መኪና ታክኮህ ያለፈበት ቀለምም ብዙ ጊዜ ከላይ የተለጠፈ ነው። ሰው ግን ጭረት መስሎት ይደነግጣል። በፖሊሽ ትንሽ ሲታሽ ይነሳል።

የጣሪያህ ነጭ ነጠብጣብ የውሃ ጨው ነው። ካልሲየም ያለበት ውሃ ሲደርቅ ውሃው ይሄዳል፣ ማዕድኑ ይቀራል። ሻምፑ አያነሳውም፤ የሚያሟሟው አሲድ ነው። አቼቶ፣ ማለትም ኮምጣጤ፣ ከእኩል ንጹሕ ውሃ ጋር ደባልቅ። ጨርቅ ነክረህ ነጠብጣቡ ላይ አስተኛው። አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቀህ በብዙ ውሃ እጠበው። ጣሪያው ቀዝቃዛ መሆን አለበት። እጅህን አስቀምጠህ ሙቀት ከተሰማህ ያን ቀን አትሥራ። እንዲህ አድርገህ ነጩ ሄዶ ቀጭን የቀለበት ምልክት ከቀረ፣ ጨው የነበረው ወጥቷል፣ የቀረው ቀለሙ ላይ የተቀረጸው ነው። እሱ ወደ ሁለተኛው ዓይነት ተሸጋግሯል። አቼቶውን መደጋገም ምንም አይጨምርልህም።

የወፍ ኩስ ግን በጣም የምጠላው ነገር ነው። አሲድ አለበት። ፀሐይ ደግሞ ቀለሙን ታሞቀዋለች፣ የሞቀ ቀለም ይለሰልሳል፣ አሲዱ በቀላሉ ይገባል። ማታ ሲቀዘቅዝ ገጹ እንደነበረው እኩል ሆኖ አይመለስም። ያንተ ዓይነት ለስላሳ ቀለም ላይ አንድ የፀሐይ ቀን ይበቃዋል። ከዛሬ ጀምሮ ትኩስ ኩስ ስታይ አትፈትገው፤ ውስጡ ጠጣር ፍሬና አሸዋ አለ፣ ራሱ ይጭራል። ለብ ባለ ውሃ የራሰ ጨርቅ አሥር ደቂቃ አስተኛበት። ከዚያ በአንድ አቅጣጫ ወደ ላይ አንሳው እንጂ አትጥረገው። አሁን ኮፈንህ ላይ ያለው ጠባሳ ግን ኩስ አይደለም፣ ጉድጓድ ነው። ጉድጓድ በሳሙናም በቲነርም አይለቅም። ጥርስ ሳሙናው ያልሠራው፣ ቲነሩም የጎዳህ ለዚህ ነው። የሚሆነው ዙሪያውን በፖሊሽ በጥቂቱ ዝቅ ማድረግ ነው። ጥልቅ ከሆነ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ግማሹ ከቀለለልህ እዚያው ላይ አቁም።

ሦስተኛውን ዓይነት ጠቅሰህ ባትጽፍልኝም ልንገርህ፣ እንደገና የተቀባ መኪና ላይ ብቻ የሚመጣ ነገር ነውና። ላሜራ የሚጠግነው ባትላሜራ ስቱኮ ሲያቦካ ቶሎ እንዲደርቅለት ማድረቂያውን ካበዛው፣ ትርፉ ማድረቂያ ከወራት በኋላ በቀለሙ ውስጥ አልፎ ወደ ላይ ይወጣል። ነጭና ገርጣ ያለ ቀለም ላይ ቢጫ ወይም ቡናማ እድፍ ሆኖ ይታያል። ቅርጹ የስቱኮውን ቅርጽ ይመስላል፣ ጠርዙ ደብዛዛ ነው፣ እጅ አይሰማውም። ሰዎች ይህን ሲፈትጉ ውለው ክሊሩን ጨርሰው ወደ እኔ ይመጣሉ። እድፉ እንዳለ ነው፣ የጠፋው ክሊሩ ነው። ይህ በማሸት አይወጣም። ስቱኮው ተነስቶ ወይም ከቀለም በፊት በሚቀባ መከላከያ ፕራይመር ታሽጎ ያ ክፍል እንደገና መቀባት አለበት። ውሃ የቋጠረ እባጭ ወይም ከስር የዛገ እባጭም እንደዚሁ ነው።

ወደ ጭረቱ እንሂድ። ጭረቱ ላይ ውሃ አርከፍክፍበት። ርጥብ እያለ ከጠፋና ሲደርቅ ከተመለሰ ላይ ላዩን ነው፣ በፖሊሽ ተስፋ አለው። ርጥብም ሆኖ ከታየ ጥልቅ ነው። ቀጥሎ ጥፍርህን በጭረቱ አግድም አሳልፈው። ጥፍርህ ከያዘ ተወው፣ በፖሊሽ አይጠፋም። ከዚያ ውስጡን እይ። እንደገና የተቀባ መኪና ጥሩነቱ ጭረቱ ራሱ ይናገራል። ነጣ ያለ መስመር ላዩ ብቻ መቦጨቁን ያሳያል። ግራጫ ከሆነ አንቲሩጂኑ ላይ ደርሷል። ሌላ ከለር፣ ለምሳሌ ብርማ ወይም ቀይ ብቅ ካለ፣ መኪናው በፊት የነበረውን ቀለም እያየህ ነው። የሚያብረቀርቅ ብረት ካየህ ደግሞ ዛሬ ነገ አትበል፣ ዝገት አይጠብቅህም።

ላይ ላዩን ለሆነው እንዲህ አድርግ። ማሽን አትጠቀም። በእጅ ነው የምትሠራው፣ ለስላሳ እስፖንጅና በጣም ደቃቅ የሆነ ፖሊሽ ይዘህ። ኮምፓውንድ የሚባለው ሻካራው ነው፣ እሱን አትጀምር። የበሩን ጠርዝና የላሜራውን እጥፋት በሙሉ በወረቀት ፕላስተር ሸፍን። ሠላሳ በሠላሳ ሴንቲሜትር የሚሆን ቦታ ብቻ ውሰድ። የሽንብራ ፍሬ የሚያህል ፖሊሽ ሁለት ሦስት ቦታ ጠብ አድርግ። እጅህን ሳትጫን በጭረቱ አግድም ወዲያ ወዲህ እሸው፣ ከዚያ በሌላኛው አቅጣጫ። ፖሊሹ መጀመሪያ ወተት ይመስላል፣ ከዚያ እየሳሳ ሄዶ እንደ ዘይት ይሆናል። ዘይት ሲመስል ቁም። በማይክሮ ፋይበር ጨርቅ ጥረገውና ሁለት ጠብታ ሻምፑ ባለበት ውሃ እጠበው። ይህ መታጠብ ዋና ነገር ነው። ፖሊሹ ውስጥ ያለው ቅባት ጭረቱን ሞልቶ የጠፋ ያስመስላል። አንድ ጊዜ ታጥቦ ሲመለስ ሰው «ተመልሶ መጣ» ይላል። አልተመለሰም፣ አልሄደም ነበር።

ስለ ጠርዝ ደጋግሜ የምናገረው ምክንያት አለኝ። ሥራውን በጀመርኩበት ጊዜ አንድ ደንበኛ ነጭ መኪና አመጣልኝ። ኮፈኑን በሚሽከረከር ማሽን እየወለወልኩ ነበር። መሃሉ መስታወት ሆነ። ወደ ጠርዙ ስጠጋ ማሽኑን ትንሽ ዘንበል አደረግሁት፣ ምናልባት ለሦስት ሰከንድ። ከነጩ ስር አንድ ጣት የሚያህል አረንጓዴ መስመር ብቅ አለ። መኪናው ድሮ አረንጓዴ ነበር። ቀለም ሲረጭ ከጠርዝ ላይ ወደ ታች ይሸሻል፣ ጠርዝ ላይ ሁልጊዜ ይሳሳል። ማሽን ደግሞ ጫናውን ሁሉ እዚያች መስመር ላይ ያሳርፋል። ኮፈኑን በራሴ ወጪ ቀባሁለት። ሰውየው ምንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ያ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ፕላስቲክ ፓራውልት ላይም ተጠንቀቅ። ፕላስቲክ ሙቀትን እንደ ላሜራ አያሰራጭም። አንድ ቦታ ላይ ስታሽ እዚያው ይግላል፣ ቀለሙም ይላላል። የተለመደው የቀለም ውፍረት መለኪያም ፕላስቲክ ላይ አይሠራም።

ጥፍር ለሚይዘው ጭረት መድኃኒቱ መሙላት ነው። ተመሳሳይ ቀለም በትንሽ ጠርሙስ አስቀምም። መኪናው እንደገና ስለተቀባ የፋብሪካው የቀለም ኮድ ላይገጥም ይችላል፤ ቀለሙ ከአሁኑ ገጽ ጋር በዓይን ይመሳከር። ጭረቱን አጽድተህ አድርቅ። ብረት ከታየ ዝገቱን ፍቀህ መጀመሪያ ፕራይመር ንካው። ከዚያ በጥርስ መፈልፈያ እንጨት ጫፍ እያነሳህ መስመሩ ውስጥ ብቻ አስገባ። በብሩሽ አትሞክረው፣ ይንዛዛል። ቀለም ሲደርቅ ይሰምጣል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ አትሙላው፣ በቀን አንድ ስስ ሽፋን፣ ሦስት አራት ቀን። ናይትሮ ከሆነ በተለይ ጠብታው ትንሽ ይሁን፣ የአዲሱ ቀለም ቲነር ዙሪያውን ይበላዋል። መጨረሻ ላይ ከገጹ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቅር። ቢያንስ ሳምንት ከጠበቅህ በኋላ 3000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ውሃ ውስጥ አርሰህ፣ ከጣትህ ጫፍ ባልበለጠ ቁራጭ፣ ያበጠውን ብቻ ዝቅ አድርገው። ከዚያ ፖሊሽ። ከሁለት ክንድ ርቀት የማይታይ ከሆነ ጥሩ ሠርተሃል። ሃርድነር ያለው የክሊር ስፕሬይ ገዝተህ ቤት ውስጥ ልርጭ ካልክ ግን አይሆንም። ጭሱ ውስጥ አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል አለ። ሳንባ ይጎዳል፣ ተራ የአፍ መሸፈኛ አያቆመውም።

ጥርስ ሳሙና ደቃቅ መፋቂያ አለበት፣ ለዚህ ነው አንዳንዴ የሠራ የሚመስለው። ግን ደቃቁ እኩል አይደለም፣ ገጹን ያደበዝዛል። ዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ሰሙን ያወጣዋል። የወጥ ቤት አረንጓዴ መፈተጊያ እንኳን ላንተ ቀለም ለፋብሪካውም አይሆንም። ደብሊውዲ 40 ሬንጅ ያነሳል፣ ጭረት ግን ይሸፍናል እንጂ አያጠፋም።

ያ በቲነር የፈዘዘው ቦታ አሁን ለስላሳ ሆኖ ነው ያለው። ምንም ሳትነካው ሁለት ሳምንት ተወው፣ የገባበት ቲነር ይውጣለት። በኋላ ከላይ በነገርኩህ መንገድ በደቃቅ ፖሊሽ ሞክረው። አብዛኛው ጊዜ ወዙ ይመለሳል። እያሸህ ሳለ ከሰማያዊው ሌላ ከለር ጥላ መስሎ ከታየህ ወዲያው አቁም፣ መጨረሻው ላይ ደርሰሃል። ከዚያ ሰም ቀባው። አዲስ የተቀባ መኪና ሁለት ሦስት ወር እስኪያልፈው ሰም አይቀባም፣ ውስጡ ያለው ቲነር መውጫ ያጣል። ያንተ ግን ስምንት ወሩ ነው፣ ትችላለህ። ክሊር ከሌለው ደግሞ ሰሙ ብቸኛ ልብሱ ነው፣ በየሁለት ሦስት ወሩ ድገምለት።

ልቀባው ወይ ላልከኝ፣ ለእነዚህ ሦስት ነገሮች ብለህ ሙሉ መኪና አትቅባ። ኮፈኑ ካልተመለሰልህ ኮፈኑን ብቻ ነው። ያ ቀን ሲመጣ ግን ለቀቢው ጨርቁን አሳየው። ናይትሮ ላይ ሃርድነር ያለው አዲስ ቀለም በቀጥታ ከተረጨ የአዲሱ ቀለም ቲነር አሮጌውን ያስነሳዋል፣ ገጹ እንደ ተጨማደደ ቆዳ ይሆናል። አሮጌው መነሳት ወይም በፕራይመር መታሸግ አለበት። ቀቢው ይህን ሳይሰማ በልምድ ቢጀምር ሁለታችሁም ትጎዳላችሁ።

የፖሊሹን ፈተና አድርግና ጨርቁ ነጭ ይሁን ሰማያዊ ጻፍልኝ። ጭረቱንም ርጥብ እያለና ደርቆ በስልክህ አንስተህ ላክልኝ። እስከዚያ መኪናውን ጥላ ውስጥ አቁመው።